የሊበን ላርክን ፍለጋ፦ ከአራት ኪሎ እስከ ሊበን ሜዳ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስቀል ካለፈ በኋላ አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

የሊበን ላርክ ምን ዓይነት ወፍ ናት?

ትንሽ፣ ቡናማ፣ የሣር ሜዳ ወፍ ናት። ላርክ የሚባሉት ወፎች መሬት ላይ ይውላሉ። ምግባቸውም እዚያው ነው፣ ጎጇቸውንም ሣር ሥር ይሠራሉ። ይህችኛዋ አንገቷ ቀጭን ነው፣ ጭራዋ አጠር ብሎ ሳሳ ያለ። የኋላ ጣቷ ጥፍር ደግሞ ረጅም ነው።

የምትኖረው ነገሌ ቦረና ከተማ አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ ላይ ነው። ሳይንስ ያወቃት በቅርቡ ነው። የመጀመሪያዋ ናሙና የተያዘችው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ፈረንሳዊው የወፍ ተመራማሪ ኤራር በ1975 «የሲዳሞ ላርክ» ብሎ አሳወቃት። ለብዙ ዓመታት ከሊበን ውጪ የለችም ተብሎ ይታሰብ ነበር። በኋላ ጅጅጋ አካባቢም ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የዘረመል ጥናት ደግሞ በሶማሌላንድ ከ1922 ወዲህ ሳትታይ የቀረችው የአርቸር ላርክ ከእሷ ጋር አንድ ዝርያ መሆኗ ታወቀ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው ዝርያዎች በሚመዘገቡበት ዓለም አቀፍ ቀይ መዝገብ ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገባች። በአፍሪካ ዋናው ምድር ላይ በዚህ ዘመን የምትጠፋ የመጀመሪያዋ ወፍ እሷ እንዳትሆን ተፈርቷል። እኛ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠን ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ዋልያ እናወራለን። ስለ እሷ የሚያወራ ግን ብዙ የለም። እኔን ነገሌ ድረስ የወሰደኝ ይኼ ነው።

የመስቀል ወፍ የምትባለው እሷ ናት እንዴ?

አይደለችም። ጥያቄው ግን ጥሩ ነው። ሰው ጠፍቶ ከርሞ ብቅ ሲል «እንደ መስቀል ወፍ» እንለዋለን። በየአካባቢው የመስቀል ወፍ የሚባለው ይለያያል። ብዙውን ጊዜ ግን በዝናብ ወራት ወንዶቹ ደማቅ ላባ የሚለብሱ ወፎች ናቸው። ወቅቱ ሲያልፍ ደማቁን ላባ አውልቀው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናሉ። ሰው ሄዱ ይላል። እነሱ ግን የትም አልሄዱም፣ ልብስ ነው የቀየሩት።

የሊበኗ ወፍ ልብስ አትቀይርም። ዓመቱን ሙሉ የደረቀ ሣር ነው የምትመስለው። የምትቀይረው ድምጿን ነው። ዝናብ ሲመጣ ወንዱ ይዘምራል፣ ዝናቡ ሲያበቃ ዝም ይላል። ዝም ባለበት ወር ከሄዳችሁ አጠገቧ ቆማችሁ ልታልፏት ትችላላችሁ።

ለምን በመኸር? በበጋ መንገዱ አይሻልም ወይ?

መንገዱ በበጋ ይሻላል። ወፏ ግን በበጋ አትሰማም። የእኛ የአዲስ አበባ ክረምት መስከረም ላይ ሲያበቃ ደቡቡ ገና ዝናብ እየጠበቀ ነው። ሊበን ላይ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል። ሁለተኛው አነስተኛ ዝናብ፣ ቦረናዎች ሃገያ የሚሉት፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ስለዚህ እዚህ አጨዳ ሲጀመር እዚያ ሣሩ ይለመልማል።

በደንብ መስማት የሚፈልግ ሰው ግንቦትን ቢመርጥ አልፈርድበትም። እኔ ጥቅምት መጨረሻን እመርጣለሁ። ከአዲስ አበባ ስትወጡ የአደይ አበባው ርዝራዥ አለ፣ የአርሲ ስንዴ ቢጫ ሆኗል፣ ባሌ ተራራ ላይ ሰማዩ ጠርቷል። ሃገያው ከዘገየ ግን ወፏም ትዘገያለች። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ነገሌ ደውላችሁ «ዝናብ ጣለ ወይ?» በሉ።

ከአዲስ አበባ ስንት ቀን ይፈጃል? በየት በኩል ይኬዳል?

ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተቻኩሎ የሚሄድ ሰው በአምስት ቀን ደርሶ መልስ ያደርገዋል። እኔ ሰባት ቀን እላለሁ። ሜዳው ላይ ቢያንስ ሁለት ንጋት ማግኘት አለባችሁ። አንድ ንጋት ብቻ ይዞ መሄድ ሎተሪ እንደ መቁረጥ ነው።

እኛ የምንሄደው በባሌ በኩል ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ከመስቀል አደባባይ እንነሳለን። የሞጆ መንገድ ሳይጨናነቅ እናልፋለን፣ ዝዋይ ላይ ቁርስ፣ ከዚያ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በዲንሾ አድርገን ጎባ እናድራለን። በሁለተኛው ቀን ባሌ ተራሮች ላይ ወዳለው የሳነቴ አምባ እንወጣለን። ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጥቅምት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ የሐረና ደንን አቋርጠን ዶሎ መና እንወርዳለን። ከካፖርት ወደ ካናቴራ የምትሄዱት በአንድ ቀን ውስጥ ነው።

በሦስተኛው ቀን ገናሌ ወንዝ ላይ ቁሙ። በወንዙ ዳር ባሉት ዛፎች ላይ የሩስፖሊ ቱራኮ ትገኛለች። ጣሊያናዊው ልዑል ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 በዝሆን ሲገደል ይህች ወፍ ዕቃው ውስጥ ተገኘች። የት እንደያዛት ግን አልጻፈም ነበር። ፈላጊዎች ለብዙ ዓመታት ቦታዋን ሲያስሱ ኖረዋል። እሷን ካያችሁ በኋላ ማታ ነገሌ ትገባላችሁ። አራተኛውና አምስተኛው ቀን የሊበን ነው። መመለሻው በክብረ መንግሥትና በሐዋሳ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የዚህ መስመር ጸጥታ በየጊዜው ይለዋወጣል። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱን በዚያው ሳምንት ከተጓዘ ሰው ጠይቁ፣ የአካባቢውን አስተዳደርም አማክሩ። «አትምጡ» ካሏችሁ ሳትከራከሩ ቅሩ። ወፏን ለሌላ ጊዜ ታገኟታላችሁ።

ምን ልያዝ?

የርቀት መነጽር ግዴታ ነው። 8 በ42 የሚባለው፣ ስምንት እጥፍ የሚያጎላው፣ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያጎላ ከሆነ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። ለሳነቴ ወፍራም ጃኬት፣ ለሊበን ውኃ የማያስገባ ቦት ጫማ፣ ኮፍያ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ መታወቂያ፣ ጥሬ ገንዘብ። ነዳጅ ባገኛችሁበት ከተማ ሁሉ ሙሉ አድርጉ። ዳቦ ቆሎም አትርሱ።

ወፍ ተመልክቼ አላውቅም። አዲስ አበባ መሃል የት ልለማመድ?

ጃንሜዳ። ብዙ ሰው ይስቃል፣ እኔ ግን የምሬን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሯጮቹ ሳይበዙ፣ ሣሩ ያለበት ጥግ ሂዱ። አንድ ቦታ ቁሙና ለግማሽ ሰዓት አትንቀሳቀሱ። መጀመሪያ ባዶ ይመስላችኋል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መሬቱ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ልምምድ እግር ማየት ነው። ወፏ እንጣጥ እንጣጥ ትላለች ወይስ ትራመዳለች? የቤት ድንቢጥ ሁለት እግሯን ገጥማ ትዘላለች። ጥቅምት ላይ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት፣ ጭራቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት ቢጫ ወፎች ግን እንደ ሰው አንድ በአንድ ይራመዳሉ። ላርክም ትራመዳለች፣ ትሮጣለችም። ይህን ልዩነት ጃንሜዳ ላይ ዓይናችሁ ከለመደው ሊበን ላይ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

ከዚያ ወደ አራት ኪሎ ውረዱ። ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። እዚያ ያሉት ወፎች አይበሩም፣ አይሸሹም። ምንቃራቸውንና ጥፍራቸውን ተጠግቶ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ መሃል ከተማ ላይ አላውቅም። መጽሐፍ ላይ ያለ ሥዕል ወፉ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አይነግራችሁም። መስታወት ውስጥ ያለው ይነግራችኋል።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ሂዱ። ሜዳው ላይ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነች፣ ደረቷ ላይ ጥቁር ሐብል ያላት ወፍ ታገኛላችሁ። የሐበሻ ሎንግክሎው ትባላለች፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የለችም። እዚያው የኤርላንገር ላርክም አለች። ሎንግክሎዋ ጉቶ ወይም የአጥር እንጨት ላይ ቆማ ትታያለች። ላርኳ ግን መሬት ለመሬት ነው። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ካያችሁ ለጉዞው ዝግጁ ናችሁ።

ሜዳው ላይ ስደርስ እንዴት ነው የምፈልጋት?

በጆሮ ነው የምትጀምሩት። ፀሐይ ሳትወጣ ሜዳው ዳር ድረሱ፣ መኪናውን አጥፉ፣ በሩን ክፍት ተዉት (ሲዘጋ ይጮሃል)፣ ዝም በሉ። ወንዱ ሲዘምር ከሣሩ ይነሳል፣ ዝቅ ብሎ አየር ላይ ክንፉን እያራገበ ይቆያል፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይወድቃል። የወደቀበትን ቦታ በዓይናችሁ ያዙ። ካረፈ በኋላ ግን ይሮጣል፣ ከወደቀበት ሜትሮች ርቆ ነው የምታገኙት።

የእኔን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ጉዞ ሁለት ቀን ሙሉ አላየናትም። በሁለተኛው ጉዞ፣ በሁለተኛው ንጋት፣ ጤዛው ሱሪያችንን እስከ ጉልበት አርሶታል። አንድ ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ አጠገባችን ቆሟል። ምን እንደምንፈልግ ጓደኛዬ በኦሮምኛ ነገረችው። ልጁ ሳይናገር በበትሩ ጠቆመ። እኛ ስናይ የነበረው ሩቁን ነው። እሱ የጠቆመው ሃያ እርምጃ የማይሞላ ቦታ ነው። ሁለት የሣር ጉቶዎች መካከል አንዲት ወፍ አንገቷን አስግጋ ቆማለች። አናቷ መሃል ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ገረጣ ያለ መስመር አለ። ጀርባዋ ላይ እያንዳንዱ ላባ ነጣ ያለ ጠርዝ አለው፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት። ምንቃሯ ላይ የሣር ፍሬ ይዛለች። እንደ አይጥ ጎንበስ ብላ ሮጠችና ጠፋች። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም። እጄ ግን ለረጅም ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሊበን ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው ከእረኛ ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ነው።

ሜዳው ላይ ሌሎች ቡናማ ወፎች አሉ። በምን ልለያት?

በብዛት የምታሳስታችሁ የሶማሌ አጭር ጣት ላርክ ናት። እሷ ብዙ ናት፣ በመንጋም ትበራለች፣ በጣም በተጋጠ ቦታም ትገኛለች። አሥር ሆነው ከተነሱ የሊበኗ አይደሉም። ሌላዋ ጀርባዋ ላይ መስመር የሌላት፣ ፒፒት የምትባል የመሬት ወፍ ናት። ቁመናዋ ቀጥ ያለ ነው፣ ጭራዋም ረዘም ይላል።

የሊበኗን የሚያሳውቃችሁ ቅርጿ ነው። ትልቅ ጭንቅላት በቀጭን አንገት ላይ፣ ከኋላ ደግሞ የተቆረጠ የመሰለ ጭራ። ስትበር ጭራ የሌላት ትመስላለች። የአናቷ መስመር ከታያችሁ ነገሩ አለቀ። ሣሩንም እዩ። የምትወደው ከጣት እስከ ስንዝር የሚደርስ ሣር ነው። ምንጣፍ የመሰለ የተላጨ ሣር አይመቻትም፣ ጉልበት የሚደርስም አይመቻትም።

ድምጿን በስልክ ባጫውት ቶሎ አትመጣም?

ትመጣ ይሆናል። ግን አታድርጉት። ወንዱ ድምፁን ሲሰማ ሌላ ወንድ ግዛቱን ሊነጥቀው የመጣ ይመስለዋል። ዘፈኑን ትቶ፣ ምግቡን ትቶ የሌለ ጠላት ይፈልጋል። ወፎቹ ሺህ ቢሆኑ ኖሮ አንድ ሁለት ጊዜ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ሊበን ላይ ግን በጥቂቶች ነው የምንጫወተው። በየሳምንቱ የሚመጣ ቡድን ሁሉ ስልኩን ቢከፍት ያው አንዱ ወንድ ነው የሚረበሸው።

በመስመር ተደርድሮ ሣሩን እየረገጡ ማስነሳትም ያው ነው። ጎጆው መሬት ላይ ስለሆነ የምትረግጡትን አታዩም። በመጀመሪያው ጉዟችን የያዝነው ሹፌር «ልቅረብላችሁ» ብሎ መኪናውን ሣሩ ላይ ነዳው። አስቆምነው፣ ግን ሃምሳ ሜትር ያህል ሄዶ ነበር። የጎማው ምልክት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ከሹፌር ጋር ስትዋዋሉ ይህን ከአዲስ አበባ ሳትነሱ ንገሩት፦ ከተረገጠው መንገድ አንወጣም።

ከብቶቹ ናቸው ሣሩን የጨረሱት። ለምን አይባረሩም?

ይህን ጥያቄ ከተማ ውስጥ በጣም እሰማዋለሁ። መልሱ «ከብት ጥፋተኛ ነው» ከሚለው ይሰፋል። ሊበን ሣር ሜዳ ሆኖ የኖረው ከብትና ሰው ስለነበሩበት ነው። ቦረናዎች በዝናብ እየተከተሉ ይንቀሳቀሱ ነበር። አሮጌውን ሣር በእሳት ያድሱት ነበር። እሳት ሲከለከል ቁጥቋጦ ገባ። መንቀሳቀስ ሲቀር ከብቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ጋጠ። ከዚያ ማረሻ መጣ፣ ጥሩው ሣር ያለበት መሬት በቆሎ ሆነ። ሜዳው ከሦስት በኩል ተበላ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2009 መካከል ባደረጉት ቆጠራ ያገኟቸው ወፎች በ40 በመቶ ቀንሰው ነበር።

እየተሞከረ ያለው መፍትሔ ከቦረናዎች የራሳቸው ልማድ የተወሰደ ነው። ካሎ ይባላል። ከሜዳው የተወሰነ ቦታ በእሾህ አጥር ይከለልና ሣሩ ያርፋል። በደረቁ ወቅት ለጥጃና ለደከመ ከብት ይከፈታል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ በርድላይፍ የተባለው ዓለም አቀፍ የወፍ ጥበቃ ድርጅትና ኤስ.ኦ.ኤስ. ሳህል የተባለው የልማት ድርጅት ከሕዝቡ ጋር የሠሩት በዚህ ላይ ነው። አጥሩ ውስጥ ሣር ያድጋል፣ ወፏም ትገባለች፣ ጥጃውም አይሞትም። አንድ ሽማግሌ ካሎው በር ላይ አግኝተውን «ወፏን ነው የምትወዱት ወይስ ሣሩን?» አሉን። ሁለቱንም አልናቸው። «እንግዲያውስ አንድ ነን፣ እኔ ሣሩን ነው የምወደው» ብለው አስገቡን።

ካሎ ውስጥ ሳይፈቀድላችሁ አትግቡ። መሪ ከዚያው አካባቢ ቅጠሩ፣ ገንዘቡም እዚያው ይቅር።

ሊበን መሄድ ካልቻልኩ አዲስ አበባ አጠገብ ተመሳሳይ ብርቅ ወፍ የለም?

አለ። ሆለታን አልፎ በርጋ የሚባል ረግረጋማ ሜዳ አለ። ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የምትባል፣ እንደ ሊበኗ ሁሉ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበች ትንሽ ወፍ በክረምት እዚያ ትራባለች። በዋናነት የምትታወቀው በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ነው።

ግን እሷን ለማየት በርጋ ሂዱ አልልም። የምትመጣው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፣ የምትመጣውም ለጎጆ ነው። ረግረጉ ውስጥ ከገባችሁ እንቁላል ትረግጣላችሁ። ከሜዳው ዳር ሆናችሁ ቦታውን ማየት፣ የአካባቢውን ሰው ማነጋገር ትችላላችሁ። ለዓይን የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ ሱሉልታ ይሻላችኋል።

ካየኋት በኋላ ፎቶዋንና ቦታዋን ፌስቡክ ላይ ልለጥፍ?

ፎቶዋን ለጥፉ። ሰው ይያት፣ ስሟን ይወቅ። ትክክለኛውን ቦታ ግን አትጻፉ። ጎጆ ካገኛችሁ ፎቶ እንኳ አታንሱ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ። ሰው ሣሩን ረግጦ የሄደበት መንገድ ቀበሮንም ቁራንም ይመራል።

ለተመራማሪዎች የምትሰጡት መረጃ ግን ዝርዝር ይሁን። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስንት እንዳያችሁ፣ ይዘምር እንደነበር፣ በአካባቢው ቁጥቋጦ ወይም አዲስ እርሻ መኖሩ። ሳታዩ ከተመለሳችሁም ጻፉ። «ሁለት ንጋት፣ ስድስት ሰዓት፣ አንድም አልሰማንም» የሚለውም ለቆጠራው ያገለግላል። የሣሩን ቁመት ደግሞ አትርሱ። ሜትር ባትይዙ በስንዝር ለኩት።